ታብሌቷ የምትጠይቀው ስም

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስልም፤ ሁሉም «እመት ሽቦ» ነው የሚላት። ከዓመት እስከ ዓመት የኔትወርክ ሽቦ ጠቅልላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ስለምትዞር የማሸጊያ ክፍሉ ሹም ነው ያወጣላት፤ እሷም ሳትወድ ሳትጠላ ተቀበለችው። ሥራዋ ሦስቱ ፎቆች ላይ የተበተኑትን ኮምፒውተሮችና ማተሚያዎች ማገናኘት፣ አንግባባም ሲሉም ማስታረቅ ነበር።

በዚያ ሰሞን ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ አንድ ነገር አዘዛት። ሠራተኛው አንዲት ገጽ ለማተም በፈለገ ቁጥር ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት የማሽኑን ረጅም ቁጥር እየቀዳ ማስገባት ታክቶታል። የሰው ኃይል ጸሐፊዋማ የስንብት ደብዳቤ ላትም ብላ አንዲት ቁጥር ስትስት፣ ደብዳቤው ከራሱ ከተሰናባቹ ጠረጴዛ አጠገብ ካለው ማሽን ወጥቶ ጉድ ፈልቷል። ለማሽኖቹ ስም አውጪላቸውና ሰው በስማቸው ይጥራቸው አላት።

ነገሩ ከባድ አይደለም። ስምና ቁጥር አጣምሮ የሚይዝ አንድ ኮምፒውተር እዚያው ኔትወርክ ውስጥ ይቀመጣል። ሌሎቹ መሣሪያዎች «እገሌ የት ነው?» እያሉ ይጠይቁታል፤ እሱም ቁጥሩን ይነግራቸዋል። የቤቱ ያልሆነ ስም ከጠየቁት ደግሞ ውጭ ካሉት አስጠይቆ ይመልስላቸዋል። እመት ሽቦ ግን በእጇ ያልሞከረችውን ነገር በሰው ሥራ ላይ አትጀምርም። ዕቃ ግምጃ ቤት ተጥሎ የነበረ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አስፈቅዳ ወሰደችና ቅዳሜ ጧት ቤቷ ውስጥ ልትለማመድ ተቀመጠች።

ቤቷ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። ከገባችበት ሁለት ወር አልሞላትም። ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት ታናሽ እህቷ ሚጡ አንድ ሻንጣ አንጠልጥላ፣ የሰባት ዓመት ልጇን በእጇ ይዛ መጥታ አንኳኳች። ልጅቷን ፌንጣ ነው የሚሏት፤ አንድ ቦታ ረግታ ተቀምጣ አታውቅም። ያን ዕለት ግን ከእናቷ ቀሚስ ሥር አልወጣችም ነበር። በአንድ እጇ አባቷ የገዛላትን ታብሌት ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛለች።

ሚጡ ያመለጠችው ከባሏ ነው። ባሏ መሐንዲስ ነው፤ የተመሰገነ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ ለትልቅ ሰው ከወንበሩ የሚነሳ ሰው። ዘመድ ሁሉ በባል ታድላለች ይላት ነበር። እሷ ግን ገበያ ስንት ደቂቃ እንደቆየች፣ መንገድ ላይ ማንን እንዳናገረች፣ ስልክ ለማንሳት ለምን እንደዘገየች መልስ ስትሰጥ ነው ዘጠኝ ዓመት የኖረችው። አንድ ቀን የስልኳ ባትሪ አልቆ ለአንድ ሰዓት ስትጠፋበት መሥሪያ ቤቷ ድረስ መጣ። ምንም አልተቆጣም። መኪናው ውስጥ ስትገባ በሩን ጣቷ ላይ ዘጋውና «ይቅርታ፣ አላየሁሽም» አላት። እያያት ነበር። የቀለበት ጣቷ ዛሬም አይታጠፍም። አቤት ልትል ፖሊስ ጣቢያ ብትሄድ፣ ፖሊሶቹ እሱን ጠርተው አጨባብጠው መልሰው ከእሱ ጋር ላኳት።

እመት ሽቦ ይህን ሁሉ ሰምታ ለማንም አልተነፈሰችም። የቤተሰብ ገመና አደባባይ አይወጣም ተብሎ ያደገች ናት። ለጎረቤት እህቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ነው ብላ አለፈችው። ከሁለት ዓመት ወዲህ መሐንዲሱ እህትማማቾቹን ስላቆራረጣቸው አዲሱን ቤቷን አያውቀውም። ሚጡም አድራሻውን የጠየቀቻት በሥራ ባልደረባዋ ስልክ ደውላ ነው። የራሷን ስልክ እዚያው ትታው መጥታለች። ስለዚህ ተደብቀናል ብለው አምነው ነበር። መሐንዲሱ ሦስት ጊዜ ደውሎ በዚያ ለስላሳ ድምፁ የሚጡንና የልጅቷን ድምፅ ሰምታ እንደሁ ጠየቃት፤ ሦስቴም አልሰማሁም ብላ ዋሸችው። ያመናት መሰላት።

ያን ቅዳሜ ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሥራዋ አለቀላት። አሮጌው ኮምፒውተር የስም ጠባቂ ሆኖ ተቀመጠ። ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለውን ራውተርም ቤት ውስጥ ያለ መሣሪያ ሁሉ ስም የሚጠይቀው እሱን ብቻ እንዲሆን አዘዘችው። ለማተሚያዋ «ሰነፏ»፣ ለራሷ ኮምፒውተር «አሮጊት»፣ ለታብሌቷ «ፌንጣ» የሚል ስም ሰጠቻቸው። «ሰነፏ» ብላ ጠርታ አንድ ገጽ ስታትም ማሽኗ እያቃሰተች ታዘዘች። ሚጡ ማድቤት ሰሐን ታጥባለች፤ ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ገመድ ትዘላለች፤ ታብሌቷ ስክሪኗ ጠፍቶ ሶፋው ክንድ ላይ ቻርጅ ተሰክታለች።

ስም ጠባቂው የተጠየቀውን ሁሉ ይመዘግባል፤ ማን ጠየቀ፣ ምን ጠየቀ፣ በስንት ሰዓት። እመት ሽቦ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሥራው ይሠራ እንደሁ ልታረጋግጥ መዝገቡን ከፈተች። «አሮጊት» ሰነፏን ጠይቃለች፣ መልስም አግኝታለች። ጥሩ። ከዚያ ወረድ ብላ «ፌንጣ» የሚለውን አየች። ማንም ያልነካት ታብሌት ሁለት ሰዓት ከአርባ አንድ ላይ አንድ ስም ጠይቃለች። ከሃምሳ አንድ ላይ ያንኑ ስም። ሦስት ሰዓት ከአንድ ላይ ያንኑ። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ሦስት ከአሥራ አንድ ሆነ፤ አዲስ መስመር ተጨመረ። ያው ስም።

መጀመሪያ የጨዋታ ማስታወቂያ ይሆናል ብላ ፈገግ አለች። ነገር ግን ማስታወቂያ እንዲህ ሰዓት አያከብርም። ስሙን በስልኳ አስገብታ ፈለገችው። የወጣው ገጽ ላይ አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ሣር ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ። ከሥራቸው የሚወዷቸው ሰዎች የት እንዳሉ ምንጊዜም ይወቁ ይላል። ወደ ታች ወረደች። መሣሪያው ያለበትን ቦታ ያሳያል። በዙሪያው የሚነገረውን ያሰማል። ከመተግበሪያዎቹ መካከል አይታይም፤ የያዘው ሰው መኖሩን አያውቅም።

ልጅቷ ገመዷን እየዘለለች ትቆጥራለች፤ ሠላሳ ሰባት፣ ሠላሳ ስምንት። እመት ሽቦ ታብሌቷን ሶፋው ክንድ ላይ እንደተኛች አየቻትና፣ የምታየው የሰው ጆሮ መሰላት። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ እዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ያልተነጋገሩት ነገር አልነበረም። ጠበቃ ስለማናገር፣ ልጅቷን ሌላ ትምህርት ቤት ስለማስገባት፣ ስለ እሱ ያወሩት ሁሉ ትዝ አላት። ከዚያ ደግሞ ያለፈው ረቡዕ ስልክ ትዝ አላት። መሐንዲሱ ሊሰናበታት ሲል፣ «እትዬ፣ ለዚያ ለሚያምዎት ጉልበት ሦስት ፎቅ ደረጃ አይከብድም?» ብሏት ነበር። ማተሚያ ቤቱን ማለቱ መስሏት፣ ለምጄዋለሁ ብላ ዘግታለች። ይህንን ቤት ማለቱ እንደነበር አሁን ገባት። እሱ የሚያውቀው ከመጡ ማግሥት ጀምሮ ነው። ታዲያ ለምን አልመጣም? ምን እየጠበቀ ነው? ከማወቁ ይልቅ ዝም ማለቱ አስፈራት።

ሚጡን ጠርታ ልትነግራት አፏን ከፍታ ዘጋችው። ከማተሚያ ቤት ከምታመጣቸው የተበላሹ ወረቀቶች አንዱን አነሳችና ጀርባው ላይ ጻፈች፤ «ታብሌቷ ትሰማለች። የት እንዳለን ያውቃል። ድምፅ እንዳታሰሚ።» ማድቤት ገብታ ሚጡ ፊት ያዘችው። ሚጡ እጇ አረፋ እንደሆነ አነበበችው። ፊቷ አመድ መሰለና ዞራ መጀመሪያ ያየችው መስኮቱን ነው። ከዚያ ቧንቧውን ሳትዘጋ የእህቷን ክንድ ይዛ መታጠቢያ ቤት አስገባቻት፣ እዚያም ውሃውን ለቀቀችው፣ በሩን ዘጋችው።

እመት ሽቦ በሹክሹክታ ሁሉንም ነገረቻት። ስሙን አሁኑኑ መዝጋት እንደምትችልም ነገረቻት፤ አንድ መስመር ብትጽፍ ስም ጠባቂው ለታብሌቷ እንዲህ የሚባል የለም ይላታል፣ እሱም ከዚያ በኋላ አያይም፣ አይሰማም። ይህን ስትላት ራሷም ትንሽ ተስፋ አድሮባት ነበር።

«እንዳትዘጊው» አለች ሚጡ። የማይታጠፈውን ጣቷን በሌላው እጇ ጨብጣ ይዛለች። «እቴቴ፣ ዝም ሲልበት ነው የሚመጣው። እየሰማ እስካለ ይቀመጣል። ይኼን እኔ ነኝ የማውቀው።»

እመት ሽቦ ስለ ሽቦ ስታውቅ ኖራ ስለዚህ ሰው ግን ምንም እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገባት። ለእህቷ ተወችላት። ሚጡም ነገሩን በአጭሩ አበጀችው። የእናታቸው እህት የሆነችው ጡረተኛ አዋላጅ ሌላ ከተማ ትኖራለች፤ በአውቶብስ አምስት ሰዓት ያስኬዳል። መሐንዲሱ ቤቷን አያውቀውም፤ ሚጡም እዚህ ከመጣች ወዲህ ስሟን በአፏ አላነሳችውም። አውቶብሱ ከከተማው ብቸኛ መናኸሪያ የሚነሳው አምስት ሰዓት ላይ ነው። እሷና ልጅቷ ይሄዳሉ፤ ታብሌቷ እዚህ ትቀራለች፣ እንደወትሮዋ ትናገራለች። አውቶብሱ እስኪወጣ ድረስ እሱ ምንም እንዳይጠረጥር ነው ጭንቁ።

ቀሪው ነገር የልጅቷ ነበር፤ ያለ ታብሌቷ ንቅንቅ አትልም። ሚጡ ሳሎን ወጥታ፣ ታብሌቷ እንድትሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ነይ ገላሽን ልጠብሽ» አለቻት። እንዴት እንደዚያ ያለ የዘወትር ድምፅ ከውስጧ እንዳወጣች እመት ሽቦን ገረማት። ልጅቷ እየተነጫነጨች ገባች።

እናትየዋ ልጅቷን ልብስ ስታለብስ እመት ሽቦ ወደ መዝገቡ ተመለሰች። ሦስት ከሃያ አንድ፣ ከሠላሳ አንድ፣ ከአርባ አንድ። እንደ ሰዓት የሚሄድ ነው። እሺ፣ እንደዚሁ ሂጂ አለች በልቧ። ከዚያ ሦስት ከአርባ ሁለት ላይ አዲስ መስመር ወጣ። ከአርባ ሦስት ላይ ሌላ። ከአርባ አራት ላይ ሌላ። ታብሌቷ በየደቂቃው መጠየቅ ጀመረች።

ይህ በራሱ የሚሆን ነገር አይደለም። አንድ ሰው ያንን መተግበሪያ አሁን ከፍቶ እያየ ነው፣ እየሰማ ነው። ምናልባት ወጥ ቤትም መታጠቢያ ቤትም ውሃ ሲፈስ፣ ሁለት ሴቶች ድንገት ወሬ ሲያቋርጡ ሰምቶ ይሆናል። ምናልባትም መኪናውን አስነስቷል።

ደረጃውን በባዶ እግሯ ወርዳ ምድር ቤት የሚኖሩትን ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ አንኳኳች። ሃምሳ አለቃው አንድ አሮጌ መኪና አላቸው፤ ሌት ተቀን ሞተሩ ውስጥ ተጎንብሰው ስለሚውሉ ሰው ፊታቸውን ከጀርባቸው በኋላ ነው የሚያውቀው። ጆሯቸው ደግሞ ከባድ ነው። በሹክሹክታ ብትነግራቸው «እ?» አሉ። ደግማ ብትነግራቸው «ምን ጠፋብሽ?» አሉ። ድምፅ ማሰማት በማትችልበት ቀን የገጠማት ደንቆሮ ነው። በመጨረሻ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ «እህቴና ልጇን መናኸሪያ ያድርሱልኝ፤ የሚያሳድዳቸው ሰው አለ» ብላ ጻፈችላቸው። አነበቡ። ምንም አልጠየቁም፤ ቁልፋቸውን ከሚስማሩ ላይ አነሱና በጓሮ በኩል፣ ልብስ በሚሰጣበት በር አሉ በእጃቸው እያሳዩ።

ሚጡ በደረጃው ስትወርድ የራሷንም የልጅቷንም ጫማ በእጇ ይዛ ነበር። ልጅቷ ነገሩ ድብብቆሽ መስሏት አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። በደረጃው መታጠፊያ ላይ ሚጡ ዞራ እህቷን አየቻት፤ ልትናገር ፈልጋ ተወችው። እመት ሽቦም ሂጂ ብላ እጇን ነቀነቀችላት። የሃምሳ አለቃው መኪና መጀመሪያ አልነሳም አለ። ሁለተኛም እምቢ አለ። በሦስተኛው እየተነፋረቀ ተነሳ።

እመት ሽቦ ወደ ቤቷ ተመልሳ በሩን ከውስጥ ቆለፈች፣ መቀርቀሪያውን ወረወረች። መታጠቢያ ቤት ውሃው እንደተለቀቀ ነው፤ አልዘጋችውም። የስልኳን ድምፅ መቅጃ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና መዝገቡ ፊት ተቀመጠች። አራት ሰዓት ከሦስት፣ ከአራት፣ ከአምስት። ለአውቶብሱ ሃምሳ አምስት ደቂቃ ይቀራል።

አራት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ላይ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ እንግዳ እንደሚያንኳኳው።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ። እንዴት አደሩ?»

በሩ ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ አየችው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጸጉሩን አበጥሯል። ደህና አደርኩ አለችው፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። እንዴት ቤቷን እንዳገኘው ጠየቀችው፣ መልሱን ባታጣውም። ዘመድ ነገረኝ አለ። ክፉ ሊያደርግ እንዳልመጣ፣ ልጁን ለአንድ አፍታ ዓይኗን አይቶ እንደሚሄድ ነገራት። እሷም የሉም ብትለው እንደማያዋጣ ስላወቀች፣ አሁን አይመችም፣ ልጅቷ ገላዋን እየታጠበች ነው አለችው።

«አዎ» አለ መሐንዲሱ፣ እንደሚያዝን ሰው። «ግን ውሃው እኮ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እየፈሰሰ ነው፣ እትዬ።»

መታጠቢያ ቤቱ ያለው ከወዲያኛው ክፍል በኋላ ነው፤ ከበሩ ውጭ ለቆመ ሰው አይሰማም። «በምን አወቅህ?» አለችው።

ከዚያ አባት መሆኑን ነገራት፤ አባት ልጁ ያለችበትን ያውቃል አላት። ቀጥሎም ድምፁ ሳይለወጥ፣ አንቱታውን ግን ከአፉ እንደ ጥርስ መፋቂያ አውጥቶ ጣለው። «ታብሌቷን ወስደሽ መታጠቢያው በር ላይ አስቀምጫት። ድምፅዋን ልስማ። ከዚያ እሄዳለሁ።»

እመት ሽቦ አልችልም አለች። ለምን እንደማትችል አልነገረችውም፤ የሚሆን ውሸት ጭንቅላቷ ውስጥ አልመጣላትም። እሱም ችግር የለም፣ እጠብቃለሁ ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ግማሽ ሰዓት ከሕይወቷ ሁሉ ረጅሙ ነበር። አንዴ ወደ ቀዳዳዋ፣ አንዴ ወደ መዝገቡ ትመላለሳለች። ስልኩን ኪሱ ሲከተው መስመሮቹ ይቆማሉ፤ መልሶ ሲያወጣው በየደቂቃው መንጠባጠብ ይጀምራሉ። በእንጨት በር ውስጥ ሆና እጁን ታየው ነበር። እሱ ቤቷን ሲሰልል እሷ ስለላውን ትሰልላለች፤ ይህ ግን አላጽናናትም። አንድ ጊዜ ብቻ ተነስታ፣ ታብሌቷ እንድትሰማላት፣ «ጸጉሯን ደህና አድርገሽ እሺ!» ብላ ወደ ባዶው መታጠቢያ ቤት ተጣራች። መልስ የሚሰጥ ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ ድምፅዋ ሲመለስላት ልታለቅስ ቃጣት።

አራት ሰዓት ከአርባ ስድስት ላይ ውሃው አለቀ። ቧንቧው ተንቋቋ፣ ሁለቴ አስነጠሰና ዝም አለ። የሕንፃው ማጠራቀሚያ ባዶ ሆኗል። እመት ሽቦ ስለ ማጠራቀሚያው ጨርሶ አላሰበችም ነበር።

ከበሩ ወዲያ ሲነሳ ሰማችው። «ጨረሱ» አለ ቀስ ብሎ። «ይውጡ እንግዲህ።» ጠበቀ። የልጅ ድምፅ የለም፣ የእግር ኮቴ የለም። ከዚያ በሩ ላይ ክብደቱን አሳረፈ፤ እንጨቱ ሲጮህ ሰማች። አልመታውም፣ አልረገጠውም። ትከሻውን ሰጥቶ ብቻ ይገፋል፤ የመቀርቀሪያው ብሎን ከግድግዳው ኖራ እያራገፈ ነበር። እመት ሽቦ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ እግሯን ጫማ መደርደሪያው ላይ ተከለች።

ያኔ ትይዩ ያለው በር ተከፈተ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት ናት፤ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች ምን ተፈጥሮ ነው ብላ ወጣች። መሐንዲሱ ዞሮ ፈገግ አለላት፣ እንዴት አደሩ አላት፣ የሚስቱ እህት ቁልፍ ተበላሽቶባት ውስጥ መቅረቷን በትሕትና አስረዳት። ልብስ ሰፊዋም እኔን ብላ፣ ቆይ እኔም ልግፋልህ ብላ እጅጌዋን ስትሰበስብ ተሰማ። ሁለት ሆነው ገፉት። እመት ሽቦ ብሎኑ ሌላ ጣት ያህል ሲወጣ አየች። ይህች ደግ ሴት ልትረዳት ብላ ልትጨርሳት ነው።

ለማንም ሳትተነፍሰው የቆየችውን ያን ጊዜ ተናገረችው። «እህቴን ጣቷን በመኪና በር የሰበራት እሱ ነው» አለች በበሩ ውስጥ። «ቁልፌ አልተበላሸም። እንዳይገባብኝ ነው የዘጋሁት። እባክሽ አትርጂው።»

ግፊያው ቆመ። ልብስ ሰፊዋ እጇን ከእንጨቱ ላይ ስታነሳው፣ የመዳፏ ላብ እንኳ ሲላቀቅ የተሰማ መሰላት። መሐንዲሱ ሳቀ፤ እትዬ ሰሞኑን ጤና የላቸውም አለ። ልብስ ሰፊዋ ግን ወደ ቤቷ አልገባችም። ደፏ ላይ ቆማ፣ ሜትሯን በሁለት እጇ ወጥራ ይዛ ብቻ ታየዋለች። ያ ሰው ሰው እያየው ምንም አያደርግም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የኖረው በዚህ ነው። ሸሚዙን አስተካከለ፣ ደህና ዋሉ አለ፣ ደረጃውን ሳይቸኩል ወረደ።

እመት ሽቦ ግን አልቀለላትም። አራት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ነው፤ አውቶብሱ ገና ቆሟል። ኮቴው ሲርቅ ወደ መዝገቡ ሮጠች። በየደቂቃው የነበረው ቆሟል። ስልኩን አላየም ማለት ነው። ታዲያ ወዴት ነው የሚሄደው? ገብቶት ወደ መናኸሪያው እየነዳ ከሆነስ? በመኪና አሥር ደቂቃ አይሞላም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ስክሪኑን ስታይ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የብልሽት ምልክት እንዳይወጣ የጸለየች ሴት አሁን የታብሌቷ መስመር እንዲወጣ ለመነች። ሃምሳ አራት። ሃምሳ አምስት። ባዶ። ሃምሳ ስምንት ላይ መስመሩ ወጣ፤ ከሃምሳ ዘጠኝ ላይ ደገመ። መስኮቱን በስሱ ገለጥ አድርጋ ወደ ታች አየች። መኪናው ውስጥ ሕንፃው ፊት ለፊት ተቀምጦ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል። አሁንም ታብሌቷን እያዳመጠ ነው።

እመት ሽቦ ሄዳ ሶፋው ላይ ከታብሌቷ አጠገብ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። ያ የማስመሰል አልነበረም። እሱ ግን ሚጡ መስላው ይሁን ሌላ፣ እያዳመጠ ተቀመጠ።

አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ሃምሳ አለቃው በደረጃው እያለከለኩ ወጥተው በሩን በቡጢ ደበደቡት። ድምፅ መቀነስ የሚባል ነገር አያውቁምና፣ ፎቁ ሁሉ እንዲሰማ «ሄደዋል! አውቶብሱ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ!» አሉ። ታብሌቷም ሰማች። ከመስኮቱ ሥር የመኪና ሞተር ተነሳ፤ ጎማው ሲፋጭ ተሰማ። ወዴት እንደሄደ አይታወቅም። ሃምሳ አለቃው ያን ቀን ሌላ ነገር እንዲያደርጉ አልተጠየቁም፤ እሳቸው ግን ከልብስ ሰፊዋ ቤት ወንበር ስበው እመት ሽቦ በር ላይ ተቀመጡ።

ሰኞ ዕለት እመት ሽቦ የመዝገቡን ወረቀት በሰነፏ አትማ፣ ታብሌቷንና የድምፅ ቅጂውን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ተረኛው መኮንን ወረቀቱን አገላብጦ ይኼ የሎተሪ ቁጥር ነው ወይ አላት። አንድ ሰዓት ሙሉ ስታስረዳው ቆየች፤ ስም ምን እንደሆነ፣ ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ የደቂቃው ልዩነት ምን እንደሚናገር። ልብስ ሰፊዋ አብራት ነበረች፤ ያየችውን ያለምንም ማሳመር ተናገረች። በመጨረሻ መኮንኑ አለቃውን ጠራ።

ጉዳዩ ችሎት የቀረበው ከሁለት ወር በኋላ ነው። መሐንዲሱ ጥሩ ኮት ለብሶ፣ ዘበኛውንም ጸሐፊውንም እጅ እየነሳ ገባ። ሁሉንም ለልጁ ደህንነት ሲል ያደረገው መሆኑን አስረዳ። ዳኛዋ ቅጂው ተሰምቶ ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ደረጃ ላይ ቆሞ የውስጠኛው መታጠቢያ ቤት ውሃ ስንት ደቂቃ እንደፈሰሰ እንዴት አወቀ? መልስ ጀመረ፣ አቆመ፣ እንደገና ጀመረ። ወደ ሚጡም ወደ ልጅቷም እንዳይቀርብ፣ በማናቸውም መሣሪያ እንዳይከታተላቸው ታዘዘ። የልጅቷ ጉዳይ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ሲወጣ አላያቸውም። ለዘበኛው ግን ደህና ዋል አለው።

እህትማማቾቹ ልጅቷ ወደ ቀረችበት ወደ አክስታቸው ከተማ በዚያው ቀን አውቶብስ ተሳፈሩ። ሚጡ ከመነሳታቸው በፊት ነበር ጭንቅላቷን እህቷ ትከሻ ላይ ጥላ፣ አፏን ከፍታ እንቅልፍ የወሰዳት። እመት ሽቦ አልተኛችም። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ ከኋላ መጥቶ አውቶብሱን የሚቀድመውን መኪና ሁሉ፣ የሹፌሩን ፊት ሳታይ አላሳለፈችም። አንዳንዱ አያት ነው፣ አንዷ ዶሮ የጫነች ሴት ናት፤ አንዱ ደግሞ እያዛጋ ይነዳል። እሱን የሚመስል ግን አልነበረም። እንዲያም ሆኖ እስከ መጨረሻው ድረስ ማየቷን አልተወችም።